መብራት ሲመለስ ያልተመለሱት ኔትወርክ ካርዶች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰርቨርና ኔትወርክ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፦ ቪኤሞችን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሳቸው ኮምፒውተር የሚሠሩ ቨርቹዋል ማሽኖችን) በሚያስተናግዱ ሰርቨሮች (ሆስቶች) ላይ የኔትወርክ ካርዱን ቅንብር በእጅ ከመነካካት ወደ ስክሪፕት ማዞር። በየደብዳቤው የሚደጋገመው ስም ኤስአር-አይኦቪ ነው። ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ፦ ካርዱ ራሱ አንዱን ፖርት ወደ ብዙ ትናንሽ ካርዶች ይከፋፍለዋል። ትንሹ ካርድ ቪኤፍ ይባላል፤ በቀጥታ ለአንድ ቪኤም ይሰጣል፣ ትራፊኩም በሆስቱ ቨርቹዋል ስዊች በኩል አያልፍም። ፍጥነቱም ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡት ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ሦስት የፕሮክስሞክስ (ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ቪኤም ማስተናገጃ) ሰርቨሮች አስተዳድራለሁ። ሁሉም ባለ ሁለት ፖርት ኢንቴል ኤክስ710 ካርድ አላቸው። በየፖርቱ 8 ቪኤፍ በእጄ ከፍቼ ለቪኤሞቹ አከፋፍዬ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ዩፒኤሱ አለቀ። መብራት ሲመጣ ሰርቨሮቹ ተነሡ፤ ቪኤፍ የተሰጣቸው ቪኤሞች ግን አንዳቸውም አልተነሡም። ሁለቱ ሰርቨሮች ላይ ትእዛዙን ደግሜ ሰጥቼ አስተካከልኩ፤ ሦስተኛው ግን አሁንም ቪኤፍ አልከፍትም ይላል። ሰው ሳይነካው እንዲስተካከል ምን ላድርግ? (ሲስተም አድሚን፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ለየብቻ እንያቸው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። «ኤስአርአይኦቪ-ነምቪኤፍስ» በሚባለው ፋይል ላይ የጻፉት 8 ቁጥር የሚቀመጠው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዘንድ እንጂ ዲስክ ላይ አይደለም። ሰርቨሩ በጠፋ ቁጥር ወደ 0 ይመለሳል። ስለዚህ በየሰርቨሩ ላይ ሲነሳ አንዴ ብቻ የሚሠራ የሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ክፍል) አገልግሎት ያስፈልጋል። ቦታው ወሳኝ ነው፦ የካርዱ ድራይቨር ከተጫነ በኋላ፣ ፕሮክስሞክስ ቪኤሞችን ከሚያስነሳበት «ፒቪኢ-ጌስትስ» ከተባለው አገልግሎት በፊት። ይህን ቅደም ተከተል ካልጻፉለት አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም፤ ምክንያቱንም ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

አገልግሎቱ የሚያስነሳው ስክሪፕት እንዲህ ይሂድ። መጀመሪያ ያንብብ፦ «ኤስአርአይኦቪ-ቶታልቪኤፍስ» ካርዱ የሚችለውን ጣሪያ ይነግረዋል፣ «ነምቪኤፍስ» አሁን ያለውን። የሚፈለገው 8 ሆኖ ያለውም 8 ከሆነ ምንም ሳይነካ ይውጣ። ያለው 0 ከሆነ 8 ይጻፍ። ያለው ለምሳሌ 4 ከሆነ ግን በቀጥታ 8 ልጻፍ ቢል ከርነሉ «ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ከቁጥር ወደ ቁጥር መዝለል አይቻልም፣ መጀመሪያ ወደ 0 መውረድ ግድ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ስክሪፕት ጥፋት የሚያደርሰው። ስህተቱን ለማለፍ ሲባል ሁልጊዜ አስቀድሞ 0 የሚጽፍ ስክሪፕት እኩለ ቀን ላይ በስህተት ቢነሳ፣ እየሠሩ ያሉ ቪኤሞች ካርዳቸው ከሥራቸው ይነጠቃል፤ ወይም ትእዛዙ ራሱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩ 0 ካልሆነና ከሚፈለገው ከተለየ ስክሪፕቱ መልእክት ጽፎ ይቁም። ውሳኔውን ለሰው ይተው።

ቪኤፎቹ ከመከፈታቸው በፊት «ኤስአርአይኦቪ-ድራይቨርስ-ኦቶፕሮብ» በሚለው ፋይል ላይ 0 ይጻፉ። ያለዚያ ሆስቱ ራሱ በ«አይኤቪኤፍ» ድራይቨር አሥራ ስድስቱንም ለራሱ ይይዛቸውና የኢንተርፌስ ዝርዝርዎ ይጥለቀለቃል። ቀጥሎ ዋናውን ፖርት አፕ ያድርጉት፤ እሱ ዳውን ሆኖ ቪኤፎቹ ሊንክ አያገኙም። 9000 ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን) የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ቪኤሙ ውስጥ ብቻ ማድረግ አይበቃም፤ ዋናው ፖርት ላይም መኖር አለበት።

ማክ አድራሻውን፣ ማለትም የካርዱን መለያ ቁጥር፣ አይርሱ። ካልተሰጠው ቪኤሙ በተነሳ ቁጥር አዲስ ማክ ሊይዝ ይችላል፤ ዲኤችሲፒው ሌላ አይፒ ይሰጠዋል፣ ፋየርዎሉም አያውቀውም። በራስዎ ቀመር ያውጡለት። በ02 የሚጀምር ማክ ለግል አገልግሎት የተተወ ስለሆነ ከካርድ አምራቾች ጋር አይጋጭም። ለምሳሌ ሆስት 3፣ ፖርት 1፣ ቪኤፍ 5 ከሆነ 02:00:00:03:01:05 ይሁን። እንዲህ ሲሆን ከስዊቹ ሠንጠረዥ ላይ ማኩን ያየ ሰው የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው ፖርት እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ከፕሮክስሞክስ 8 ጀምሮ ባለው የሪሶርስ ማፒንግ ቪኤፎቹን በአንድ ስም ሰብስበው ቪኤሙ ነፃ የሆነውን እንዲወስድ ማድረግም ይችላሉ፤ ግን ማኩ የቪኤፉ እንጂ የቪኤሙ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ዛሬ አምስተኛውን ያነሳ ቪኤም ነገ ሁለተኛውን ሊያነሳ ይችላል። አይፒው በማክ ለታሰረ ቪኤም ቪኤፉን ለይተው ይስጡት።

ካርዱን በኢንተርፌስ ስም ሳይሆን በፒሲአይ አድራሻው (የተሰካበት ቦታ መለያ) ይጥሩት። ሌላ ካርድ አንድ ስሎት ላይ ሲሰካ ስሞቹ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። የፒሲአይ አድራሻም ቢሆን በዚያን ጊዜ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ስክሪፕቱ ቁጥሩን ፋይሉ ላይ ከመጻፉ በፊት የዚያን ፖርት ቋሚ ማክ ከሚጠብቀው ጋር ያስተያይ፤ ካልገጠመ አይንካ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰርቨር። ሰርቨሩ የቆየ ወይም ያገለገለ የተገዛ ከሆነ መጀመሪያ ሰዓቱን ይመልከቱ። ባዮሱ ውስጥ ያለው ቀን ወደ ብዙ ዓመት በፊት ተመልሶ ከሆነ እናትቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ ሞታለች። ኃይል እስካለ ድረስ አይታወቅም። ዩፒኤሱ ሲያልቅና ሰርቨሩ ጨርሶ ኃይል ሲያጣ ግን በቆዩ ሰርቨሮች ላይ የባዮስ ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ ቪቲ-ዲም (ቪኤም ካርድን በቀጥታ እንዲይዝ የሚያስችለው ምርጫ) ኤስአር-አይኦቪም ይጠፋሉ። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ሁለቱን መልሳችሁ አብሩ።

ሰዓቱ ትክክል ከሆነ የከርነሉን መልእክት በ«ዲሜሰጅ» ያንብቡ። «ኖት ኢናፍ ኤምኤምአይኦ ሪሶርስስ» የሚል ካለ ባዮሱ ለቪኤፎቹ የሚሆን የአድራሻ ቦታ አልሰጠም ማለት ነው፤ «አቦቭ ፎር ጂ ዲኮዲንግ» የሚለውን ያብሩ። ያ ምርጫ ከሌለ በከርነሉ መነሻ መስመር ላይ «ፒሲአይ=ሪአሎክ» መጨመር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። የመነሻ መስመሩን ሲያርሙ ደግሞ የሚያስተውሉት አለ፦ ዜድኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሲስተም ላይ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የባዮስ ዓይነት) የተጫነ ፕሮክስሞክስ በሲስተምዲ-ቡት የሚነሳ ከሆነ የሌላውን ማስነሻ ፕሮግራም፣ የግራብን፣ ፋይል አያነበውም። ፋይሉ በኢቲሲ ሥር «ከርነል» ውስጥ ያለው «ሲኤምዲላይን» ነው፣ ካረሙት በኋላም «ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ሪፍሬሽ» ማለት ያስፈልጋል። ሰዎች ግራብን አምስት ጊዜ አርመው ምንም ያልተለወጠላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ለወደፊቱ ስክሪፕቱ ከመነሻው ባዮሱንም ይጠይቅ። ሰርቨሮቹ አይድራክ ወይም አይኤልኦ (ሰርቨሩን ከርቀት የሚያስተዳድሩበት ክፍል) ካላቸው ሬድፊሽ በተባለው መጠየቂያ በኩል ኤስአር-አይኦቪና ቪቲ-ዲ በርተው እንደሆነ ማንበብ ይቻላል። ንባብ ብቻ ይበቃል፤ ባዮስን በራሱ የሚቀይር ስክሪፕት ለሦስት ሰርቨር አንመክርም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን የዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ሃይፐር-ቪ (የማይክሮሶፍት ቪኤም ማስተናገጃ) ሆስቶች አሉን። ኤስአር-አይኦቪን በሁሉም ካርድ ላይ የሚያበራ የፓወርሼል ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ያለ ስህተት ያልቃል፣ ካርዶቹም «በርቷል» ይላሉ። ቪኤሞቹ ግን አንድም ቪኤፍ አላገኙም። ካርዶቹ በዊንዶውስ ቲሚንግ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረዋል። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ መልሱ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ አለ። የቆየው የዊንዶውስ ቲሚንግ፣ ኤልቢኤፍኦ የሚባለው፣ ከቨርቹዋል ስዊች በታች ሲሆን ኤስአር-አይኦቪን አያሳልፍም። የሚያሳልፈው ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ ያለው፣ በስዊቹ ውስጥ የሚጣመረው ኤስኢቲ ነው። ስለዚህ ጥምሩ ፈርሶ ስዊቹ በኤስኢቲ እንደገና መሠራት አለበት። በሚሠራበት ጊዜም «ኢኔብል-አይኦቪ» የሚለው እዚያው ላይ መሰጠት አለበት፤ ስዊቹ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ይህን መጨመር አይቻልም። የእርስዎ ስክሪፕት ካርዱን አብርቷል፤ ስዊቹን ግን አልነካም። በመጨረሻም በየቪኤሙ ካርድ ላይ «አይኦቪ-ዌይት» ከ0 በላይ ይሁን፤ 100 የተለመደ ነው።

ስዊቹን ሲያፈርሱ የሆስቱ ማኔጅመንት አይፒ በዚያው ስዊች ላይ ከሆነ ሪሞት ዴስክቶፑ እዚያው ይቆረጣል፣ ስክሪፕቱም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከሰርቨሩ ኮንሶል ይሥሩት፣ ወይም ስክሪፕቱን ሆስቱ ላይ እንደ ሼጁልድ ታስክ ያስነሱት። ከማፍረስዎ በፊት የትኛው ቪኤም በየትኛው ስዊች ላይ እንደነበር ወደ ፋይል ያስቀምጥ፤ አዲሱ ስዊች ሲፈጠር ቪኤሞቹ በራሳቸው ተመልሰው አይገናኙም።

ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። «ጌት-ቪኤምሆስት» የሚመልሰው «አይኦቪ-ሰፖርት» እውነት ነው? ካልሆነ ጎኑ ያለው «አይኦቪ-ሰፖርት-ሪዝንስ» ምክንያቱን በቃል ይነግርዎታል፤ ብዙ ሰው ይህን መስክ ሳያየው ቀን ሙሉ ይለፋል። «ጌት-ቪኤምስዊች» ላይስ «አይኦቪ-ኢኔብልድ» እውነት ነው? በቪኤሙ ውስጥስ የቪኤፉ ድራይቨር ተጭኗል? ድራይቨሩ ከሌለ ቪኤሙ በተለመደው መንገድ ኔትወርክ ስለሚያገኝ ማንም ሳያውቅ ወር ያልፋል። ይህ መልሶ የመውደቅ ጠባይ ግን በረከትም አለው፦ በሃይፐር-ቪ ቪኤፍ ያለውን ቪኤም ላይቭ ማይግሬት ማድረግ (ሳይጠፋ ወደ ሌላ ሆስት ማዛወር) ይቻላል፤ መድረሻው ሆስት ላይ ነፃ ቪኤፍ ባይኖር እንኳ መሥራቱን ይቀጥላል።

ቪኤፍ ለማይሰጣቸው ቪኤሞች ቪኤምኪውን (ትራፊካቸውን በፕሮሰሰሮች ላይ የሚያከፋፍለውን) አብረው ያስተካክሉ። አንድ ፕሮሰሰር፣ 16 ኮር፣ ሃይፐርትሬዲንግ የበራ ሆስት እንውሰድ። ሲስተሙ ከ0 እስከ 31 የተቆጠሩ ፕሮሰሰሮች ያያል፤ ቪኤምኪው የሚጠቀመው ከእነዚህ ቁጥራቸው ጎዶሎ ያልሆኑትን ብቻ ነው። 0ን ለሲስተሙ ይተዉ። ለመጀመሪያው ፖርት «ቤዝ-ፕሮሰሰር» 2፣ «ማክስ-ፕሮሰሰርስ» 7፤ ከ2 እስከ 14 ይይዛል። ለሁለተኛው ቤዝ 16፣ ማክስ 8፤ ከ16 እስከ 30። እንዳይደራረቡ ነው ቁም ነገሩ። «ሴት-ኔትአዳፕተር-ቪኤምኪው» ግን ካርዱን ሪስታርት ያደርጋል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ያለውን አንብቦ የተለየ ከሆነ ብቻ ይቀይር፤ አንዱ ፖርት ተመልሶ አፕ ሳይሆን ወደ ሁለተኛው አይለፍ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ባለ ድርጅት ኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር ቪኤም ማስተናገጃ) እንጠቀማለን። አንድ ሆስት ላይ ሁለት ባለ ሁለት ፖርት ኤክስ520 ካርዶች አሉ። የመጀመሪያው ለማኔጅመንት፣ ሁለተኛው ለቪኤፍ ነው። በስክሪፕት «ማክስ-ቪኤፍስ=8,8» ብዬ ሰጠሁ፤ ቪኤፎቹ ማኔጅመንቱ ላይ ተከፈቱ! ቀድሞ ሌላ ሰው አስገብቶት የነበረ ፓራሜትርም ጠፋ።

መልስ፦ ቁጥሮቹ የሚቆጠሩት በዚያ ድራይቨር ሥር ባሉ ፖርቶች ሁሉ ላይ ነው፣ በካርድ አይደለም። ድራይቨሩ «አይኤክስጂቢኢኤን» አራቱንም ፖርት ይዟል፤ 8,8 ሲሉት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰጣቸው። ትክክለኛው 0,0,8,8 ነው። የጠፋው ፓራሜትር ደግሞ «ሴት» የሚለው ትእዛዝ ቀድሞ የነበረውን ሙሉ በሙሉ ስለሚተካ ነው። ስክሪፕቱ አስቀድሞ በ«ፓራሜትርስ ሊስት» ያለውን ያንብብና ከአዲሱ ጋር አንድ ላይ ይጻፈው፣ ወይም «አፔንድ» የሚለውን ይጨምርበት። ለውጡ የሚሠራው ሆስቱ ሪስታርት ሲደረግ ነው። ከዚያ «ኢኤስኤክስሲኤልአይ ኔትወርክ ኤስአርአይኦቪኒክ ሊስት» ብለው የትኛው ፖርት እንደያዘ ያረጋግጡ።

ሪስታርቱን በስክሪፕት የሚያደርጉት ከሆነ ይህን ይወቁ፦ ቪኤፍ የያዘ ቪኤም ቪሞሽን አይደረግም፣ ማለትም ሳይጠፋ ወደ ሌላ ሆስት አይዛወርም። ስክሪፕቱ ሆስቱን ወደ ሜንቴናንስ (የጥገና) ሞድ ላስገባ ሲል እነዚያ ቪኤሞች እስኪጠፉ ድረስ ይጠብቃል፤ የጊዜ ገደብ ካልሰጡት እስከ ጠዋት ቆሞ ያገኙታል። ስናፕሾትም (የቪኤሙን የቅጽበት ቅጂ መያዝ) አይደገፍም፣ ስለዚህ በስናፕሾት ላይ የተመሠረተ ባክአፕ በእነዚህ ቪኤሞች ላይ አይሠራም። ከቪኤሙ ውስጥ የሚወሰድ ባክአፕ ያዘጋጁ፤ ይህን ሳያዘጋጁ ቪኤፍ አይስጡ። የቪኤሙ ራምም ሙሉ በሙሉ ሪዘርቭ መደረግ አለበት፣ ያለዚያ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ ነን። አንድ ሰርቨር፣ አራት ቪኤም፣ ባለ 1 ጊጋቢት አይ350 ካርድ። ኤስአር-አይኦቪ ብናበራ ይፈጥን ይሆን?

መልስ፦ አይፈጥንም፤ ይቅርባችሁ። 1 ጊጋቢትን ተራው ቨርቹዋል ስዊች ሳይጨነቅ ይሞላዋል። የምታተርፉት የፕሮሰሰር ሥራ ትንሽ ነው፣ የምታጡት ግን እንደ ኢኤስኤክስአይ ባሉት ላይ ቀላል ባክአፕ ነው። ሃይፐር-ቪ ከሆነና ኔትወርኩ ከዘገየ ይልቅ ቪኤምኪውን አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ በአንዳንድ የ1 ጊጋቢት ድራይቨሮች ላይ መዘግየቱ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ካለ ቢሮ ነው የምጽፈው። ቪኤፍ የያዘው ቪኤም ራሱ ደህና ይሠራል፤ በውስጡ በብሪጅ (በሶፍትዌር ስዊች) ያስነሳኋቸው ኮንቴይነሮች (ለየብቻ የታሸጉ ፕሮግራሞች) ግን ከውጭ ጋር መገናኘት አልቻሉም።

መልስ፦ «ስፑፍ-ቼክ» ነው። ካርዱ ከቪኤፉ የተመዘገበ ማክ ውጭ በሌላ ማክ የሚወጣን ፍሬም ይጥላል፤ የእያንዳንዱ ኮንቴይነር ማክ ደግሞ የተለየ ነው። ለዚያ ቪኤፍ ብቻ ከሆስቱ ላይ ስፑፍ-ቼክን አጥፍቶ «ትረስት»ን ማብራት ይቻላል፣ ግን ያ ቪኤም የሌላውን ማክ መምሰል ይችላል ማለት ስለሆነ ለማያምኑት ቪኤም አይስጡት። ለእንዲህ ያለ ቪኤም ተራው ብሪጅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ባለ ተቋም 14 ሆስቶችን በአንሲብል (ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ በሚያዋቅር መሣሪያ) ለማስተካከል አስቤአለሁ። ሥራውን ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) ማስነሳት እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሰዓቱን! በእኛ አቆጣጠር ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ በክሮን እሑድ 2 ሰዓት ነው። ክሮኑ ላይ 8 ብለው ከጻፉ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ቀኑንም ቅዳሜ ካሉት የቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ይወርዳል። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ 3 ሰዓት ስለምትቀድም ያው ሰዓት በክሮን ቅዳሜ 23 ይሆናል። ከመጻፍዎ በፊት «ታይምዴትሲቲኤል» ብለው የሰርቨሩን የሰዓት ክልል ይዩ።

ወደ አንሲብሉ ስንመጣ «ሲሪያል፦ 1» ይስጡት። ሆስቶቹ አንድ በአንድ ይሄዳሉ፤ አንዱ ከወደቀ ሥራው እዚያው ይቆማል፣ የቀሩት አይነኩም። ከየሆስቱ በኋላ ቪኤፎቹን ቆጥሮ ቁጥሩ ካልሞላ ወድቋል የሚል ተግባር ይጨምሩ፤ ትእዛዙ ያለ ስህተት ማለቁ ቪኤፎቹ ለመኖራቸው ማረጋገጫ አይሆንም። በ«ቼክ» ሞድ (ምንም ሳይለውጥ በሚሞክረው) ሲሞክሩት ደግሞ በ«ሼል» የተጻፉ ተግባራት በሙሉ እንደሚዘለሉ ይወቁ። አረንጓዴ መስመር አይተው አይዘናጉ፤ የሚያነቡትን ተግባራት «ቼክ-ሞድ፦ ፎልስ» ብለው ካልለዩ ምንም አልተፈተሸም። የመጀመሪያውን ሆስት ክሮን ሳይሆን እርስዎ ራስዎ ያስነሱት፣ ዋና ያልሆኑ ቪኤሞች ያሉበት ይሁን፤ ኮንሶሉንም በአይድራክ ወይም በአይኤልኦ ከፍተው ይያዙ።